አልወርድ ያለችው ክኒን

ተረት አለኝ፤ ላምም በረትም የለበትም። ባለታሪኳም፣ እያፈርኩ ልናገረውና፣ እኔው ነኝ። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ደም ግፊት አለብኝ፤ ይህንንም ከሐኪሜ በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

ምኞቴ ትንሽ ነበረች፦ ጠዋት ጠዋት አንዲት ክኒን መዋጥ። ሐኪሙ "ካቋረጥሽ አንድ ቀን በቆምሽበት ትወድቂያለሽ" ብሎኛል። ሁዳዴ ጾም ገባና ክኒኗን "ውረጂ" ብላት፣ "ጾም ሳይላላ አልወርድም" አለች።

ጾምን "ላላልኝ" አልኩት። "አባ ሳይፈቅዱ አልላላም" አለ። ጾም አልላላ፣ ክኒን አልወርድ አለች።

ንስሐ አባቴን አባ ወልደ ሰንበትን ለመንኩ። "ለታመመማ ይፈቀዳል፣ ልጄ። ባልሽ ያውቃል?"

"አያውቅም፣ አባ።"

"እሱ ሳይሰማ አልፈቅድም!" አባ አልፈቅድ፣ ጾም አልላላ፣ ክኒን አልወርድ አለች።

ምላሴን "ለባሌ ለምትኩ ንገረው" አልኩት። "አማትሽ እዚህ እኛ ቤት ተቀምጠው? 'ልጄ በሽተኛ አገባ' እንዲሉ? ሳይሄዱ አልናገርም።" ምላስ አልናገር፣ አባ አልፈቅድ፣ ጾም አልላላ፣ ክኒን አልወርድ አለች።

አማቴን ወይዘሮ የሺመቤትን "እማማ፣ አገርዎ ቡሬ አልናፈቀዎትም?" አልኳቸው።

"እያባረርሽኝ ነው አንቺ? ይሄ ራስ ምታት ሳይለቀኝ መኪና አልሳፈርም!"

ራስ ምታት አልለቅ፣ አማቴ አልሄድ፣ ምላስ አልናገር፣ አባ አልፈቅድ፣ ጾም አልላላ፣ ክኒን አልወርድ አለች።

ምን ላድርግ? አማቴን ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ግፊታቸውን ለክታ ደነገጠች። "እማማ፣ ግፊትዎ ጣሪያ ነክቷል! ይህን በየቀኑ ይዋጡ።"

እቤት ገብተን ምትኩ ውሃ ቢያቀርብላቸው ክኒኑን ገፉት። "የተማረችው ምራቴ የማትውጠውን እኔ ልውጥ? እኔ የሺመቤት?"

"እኔም ግፊት አለብኝ" አልኩ። አንገቴን ደፋሁ።

ምትኩ ውሃውን እንደያዘ ቀረ። አማቴ ግን ብድግ አሉ። "ውይ ልጄን! ብቻሽን ታመሽ? አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ጾም አይደል? ለክኒኑ ፈቃድ አባ ጋ ሩጥ!"

ምላስ ተናገረ፣ ምትኩ ሰማ፣ አባ ፈቀዱ፣ ጾም ላላ፣ ክኒን ወረደች፤ የእኔም የአማቴም። ሰንበትበት ብሎ ራስ ምታቱም ለቀቀ።

አማቴ ብቻ አልሄዱም።

"እኔ ከሄድኩ ጠዋት ጠዋት 'ዋጥሽ ወይ?' የሚልሽ ማነው?"

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በውሃ አርሱ።