ግንበኛው የመረጠው ማማ

አንድ መንበሩ የሚባል ግንበኛ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብና ሲገነባ ኖሮ፣ ስድሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፤ ንግግሩም ቀስ እያለ ተመለሰ። መዶሻ ይዞ የኖረው ቀኝ እጁ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለስላሳ የጎማ ኳስ ሰጠችውና፣ «ጋሽ መንበሩ፣ ይህንን በቀን መቶ ጊዜ ይጨብጡ። እጅዎ ሥራ ካልፈታ ይመለሳል። ሥራ ከፈታ ግን እኔም ምንም ላደርግልዎት አልችልም» አለችው።

መንበሩ ኳሱን ሁለት ቀን ጨበጠው። በሦስተኛው ቀን አልጋ ሥር ወረወረውና፣ «ድንጋይ ሲሸከም የኖረ ሰው በስተርጅናው ኳስ ይጫወት?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጁ ስንዱ የሒሳብ አስተማሪ ናት። አባቷን ታውቀዋለች፤ ልመና አይወድም። ስለዚህ ምንም ሳትለው ላፕቶፗን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችለት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች የምትጫወተው አንድ ጨዋታ ነበር። ተጫዋቹ አንዲት ትንሽ መንደር ይሰጠዋል፤ እሷን አሳድጎ ከተማ፣ ከዚያም አገር ያደርጋታል። ሌሎቹን አምስት አገሮች ኮምፒውተሩ ራሱ ያንቀሳቅሳቸዋል። ጨዋታው በተራ ስለሆነ ማንም አያጣድፍም። በዚያ ዓለም ውስጥ ድንቅ የሚባሉ ሕንፃዎች አሉ፤ ፒራሚድ፣ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለ የአትክልት ስፍራ፣ ለመርከቦች የሚያበራ ማማ፣ ሌሎችም። እያንዳንዱ በዓለሙ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ቀድሞ የጨረሰው አገር የራሱ ያደርገዋል፤ የሌሎቹ ጅምር ከንቱ ይቀራል።

«ማውዙን በቀኝ እጅህ ነው የምትይዘው» አለችው ስንዱ። «ሌላ ሕግ የለኝም።»

መንበሩ የሕንፃዎቹን ሥዕል ሲያይ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ጣቱ እየተንቀጠቀጠ፣ አንዱን ሊነካ ሌላውን እየነካ፣ አንዱን ተራ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ግን አልተወም። ፒራሚዱን ጀመረ። መሠረቱ ሳያልቅ ቤተ መጻሕፍቱ አማረው፤ ግማሾቹን ሠራተኞች ወደዚያ ላከ። የአትክልት ስፍራውንም አየና እሱንም ጀመረ።

«አባዬ፣ ያለህ ሰው እኮ እፍኝ አይሞላም» አለችው ስንዱ።

«ግንበኛ ነኝ ልጄ። እንዲህ ያለ ሥራ እያየሁ እንዴት አልፋለሁ?»

ብዙም አልቆየ፣ ፒራሚዱ በሌላ አገር ተሠርቶ ማለቁን የሚናገር መልእክት መጣ። ከጥቂት ተራ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱም ተቀደመ። ቀጥሎ የአትክልት ስፍራው። መንበሩ የአራተኛውን ሕንፃ ድንጋይ ሲያስጠርብ ሽፍቶች ከሰሜን መጡ። ከተማዋ አጥር አልነበራትም፤ ጎተራዋም ባዶ ነበር። ሦስት ተራ አልቆየችም፤ ተቃጠለች።

መንበሩ ላፕቶፑን በግራ እጁ ከደነው። ሁለት ቀን ምግብ ሲቀርብለት በግራው በላ፤ ቀኙን ብርድ ልብስ ውስጥ ደበቀው። ስንዱ ጨዋታውን በማምጣቷ ተጸጸተች። ባለሙያዋም መጥታ ጣቶቹን ስታያቸው፣ ትንሽ መፍታታት ጀምረው የነበሩት ተመልሰው ደርቀዋል። ከወጣች በኋላ በር ላይ ቆማ ለስንዱ፣ «አሁን ተስፋ ከቆረጠ እጁ እንዲሁ ይቀራል፤ አልደብቅሽም» አለቻት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንዱ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል አባቷ ጠራት።

«ስትመለሺ ክፈቺልኝ። እንደ አዲስ እጀምራለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ተመለሰችና ከፈተችለት። መንበሩ ግን ማውዙን አልነካም። «መጀመሪያ አንብቢልኝ» አላት። «እነዚህ ሕንፃዎች አንድ በአንድ፣ ካለቁ በኋላ ለምን ይሆናሉ?»

ስንዱ አነበበችለት። ፒራሚዱ ንጉሡን ያስከብራል። የአትክልት ስፍራው ከተማዋን ያስውባል። እያንዳንዱን ስትጨርስ አባቷ፣ «ሕዝባችን ምን ያደርግበታል?» ይላታል። አንዳንዱን መለሰችለት፤ አንዳንዱን አላወቀችውም።

«ሰዎቻችን አሁን ምን እየበሉ ነው?» አላት።

«ዓሣ። ከተማችን የባሕር ጠረፍ ላይ ናት።»

«ጀልባዎቹ ለምን ከዳር አይርቁም?»

«ከራቁ አቅጣጫ ይጠፋቸውና ይሰጥማሉ።»

መንበሩ ግራ እጁን ዘርግቶ ለመርከቦች የሚያበራውን ማማ አሳያት። «እንግዲያው የኛ ይሄ ነው።»

«ኧረ አባዬ! ተጫዋች ሁሉ የሚሻማው እኮ ፒራሚዱን ነው።»

«ይሻሙበት። ፒራሚዱ የሚታይ ነው። ይሄ ግን የሚያሳይ ነው።»

አጥሩን አስቀድሞ ገነባ። ጎተራውን ሞላ። ከዚያ ማማውን ጀመረና ሠራተኞቹን ሁሉ እዚያው አደረገ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ስንዱ ስትመለስ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ፒራሚዱ በሌሎች አለቀ፤ መልእክቱ መጣ። ስንዱ ከንፈሯን መጠጠች፤ መንበሩ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ቤተ መጻሕፍቱ አለቀ። የአትክልት ስፍራውም አለቀ።

«አንዱ እንኳ አያስቆጭህም?» አለችው።

«ያስቆጨኛል እንጂ! ግን የኔ ሥራ አልነበረም።»

ማማው ሊያልቅ አሥር ተራ ሲቀረው ደግሞ ክፉ ወሬ መጣ። የምሥራቁ አገርም ያንኑ ማማ ጀምሯል። ስንዱ ደነገጠች። «ሊቀድሙህ ነው። አሁኑኑ ተወውና ሠራተኞቹን ወታደር አድርጋቸው፤ ቢያንስ በከንቱ አትደክምም።»

መንበሩ መቀደም ምን እንደሆነ አንዴ ቀምሶታል። ከተማዋ ስትቃጠል ያየው እሳት ዓይኑ ላይ መጣ። ከዚያም ራሱን ነቀነቀ። «ሦስቱን ስላማሩኝ ነበር የጀመርኳቸው፤ ሌላ ሲቀድመኝ አበቁ። ይሄን የጀመርኩት ግን ሰዎቹ ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ዛሬም ያስፈልጋቸዋል። አልተውም።»

በመጨረሻዎቹ ተራዎች እጁ ተኮማተረበት። ጣቱ ማውዙ ላይ ደርቆ አልታዘዝ አለ፤ ግንባሩን አላበው። ስንዱ ማየት አቃታትና እጇን ዘረጋች። «አባዬ፣ ይቺን አንዷን ልጫንልህ።»

«አትንኪ!» አላት። ወዲያው ድምፁን አለሰለሰ። «የግንቡን የመጨረሻ ድንጋይ ጎረቤት አያስቀምጥልኝም፣ ስንዱዬ።»

ትንፋሹን ሰብስቦ ጠበቀ። ጣቱ ቀስ ብላ ወረደችና ተጫነች። በስክሪኑ ላይ ማማው ተነሣ፤ ጫፉም በራ። የምሥራቁ አገር ሁለት ተራ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ጀልባዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር ርቀው ሄዱ፤ ተመለሱም። ከተማዋ አደገች። ሽፍቶቹ ዳግመኛ መጡና አጥሩን ዞረውት ሄዱ። ጨዋታው ሲያልቅ መንበሩ ከስድስቱ አገሮች ሦስተኛ ወጣ። በእነዚያ ሁሉ ሳምንታት ልምምድ ጣቶቹ ተፍታተው፣ ማንኪያ በቀኙ መያዝ ጀምሮ ነበር።

ስንዱ ላፕቶፑን ልትዘጋ ስትል ከወደቡ አጠገብ የማያውቋቸውን መርከቦች አየች። ባንዲራቸው የምሥራቁ አገር ነው፤ ዕቃ ጭነው ሊገበያዩ መጥተዋል።

«አባዬ፣ ሊቀድሙህ የነበሩት እኮ ናቸው! በአንተ መብራት ነው የመጡት።»

መንበሩ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ መርከቦቹን አንድ በአንድ ተመለከታቸው። «ተያቸው» አላት። «በሰላም ይግቡ።»

ወዳጆቼ፣ ዕድሜያችን ሁሉንም ድንቅ ነገር ሠርተን የምንጨርስበት አይደለም። ስላማረን ብቻ የምንጀምረው ሥራ፣ ሰው የቀደመን ቀን ከእጃችን ይወድቃል። ለምን እንደምንሠራው አውቀን የያዝነው ግን ተፎካካሪ ሲመጣም፣ እጅ ሲደክምም አይለቀንም። ስለዚህ መምረጥ ማለት ሌላውን ሁሉ እያዩ ለማለፍ መጨከን ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የመረጡትን እስከ ጫፉ ማድረስ ነው።

እርስዎስ አሁን ስንት ግንብ ጀምረዋል? ከመካከላቸው አንዱ ብቻ የሚያልቅ ቢሆን፣ የትኛው ቢያልቅ ይመርጣሉ? ሲያልቅስ ማን መንገዱን ያይበታል?