ለቅሶ ቤት የገባ ጥያቄ

አንዲት ሴት ነበረች። በሰፈሯ ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ ያዩ ሴቶች «ማን ሞተ?» ብለው ሳይጨርሱ ይከተሏታል። ለቅሶ ታውቅበታለች። እንዴት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ ዝም እንደሚባል ታውቃለች። ሌባ ሲሞት አልቅሳለች፤ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ ሰካራም ሲሞትም አልቅሳለች። «ሬሳ አይከሰስም» ትል ነበር።

በዚያው ሰፈር ኢብቲሳም የምትባል ፍልስጤማዊት ትኖራለች፤ የጋዛ ሰው ናት። ሹፌሩ አቶ ከድር አረብ አገር ሲሠራ አግብቶ ያመጣት። አማርኛው አፏ ላይ ሲሰባበር ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ለቅሶ ሲሆን ግን አትቀርም። ውኃ ቀድታ፣ የሰው ቤት ሰሐን አጥባ፣ ምንም ሳትናገር ትወጣለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወሬው መጣ። የኢብቲሳም እህት ከነአራት ልጆቿ ቤታቸው ላይ በወደቀ ቦምብ አለቀች።

ሴቶቹ ለቅሶ አዋቂዋ ደጅ ላይ ተሰበሰቡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄኔ አንዷ ንፍሮ ጥዳለች፣ አንዷ ዳቦ ይዛለች። ያን ቀን ግን ቆሙ።

«እኔስ ፈራሁ» አለች ዝናሽ። «ከማን ወገን ናችሁ ብንባልስ?»

«ማን ነው የሚልሽ?» አለቻት ሙሉነሽ። «አንቺ ደግሞ ዓለም ሁሉ አንቺን ሲያይ የሚውል ይመስልሻል!»

«ትንቢት ነው ሲሉም ሰምቻለሁ።»

«ትንቢት ከሆነ ንፍሮ አይቀቀልም?»

ለቅሶ አዋቂዋ ሁለቱንም ዝም አሰኘች። «እንሂድ። ግን ነገሩን አጣርተን ነው። እኔ እጠይቃታለሁ።»

ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

ኢብቲሳም ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሬሳ የለም። ድንኳን የለም። ከድር ጭነት ይዞ ሞያሌ ነው። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። ሴቶቹን ስታይ ፊቷ ፈታ አለ፤ መጡልኝ ብላ ነው።

ሴትዮዋ አጠገቧ ተቀመጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ለመሆኑ ኢብቲሳምዬ፣ ማን ነው የጀመረው?»

ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ ለቅሶ ቤት ገብቶ ያውቃል?

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ጠቡን ነዋ። የእናንተ ሰዎች ናቸው ይባላል።»

ኢብቲሳም ስልኩን አየች። «ትንሿ ጥርስ ገና እያበቀለ ነበር» አለች። «እሷ አልጀመረም።»

ከዚያ ኢብቲሳም ተነሣች። ሐዘንተኛዋ! በእኛ አገር ሐዘንተኛ ሦስት ቀን ምድጃ አትነካም፤ ጎረቤት ያበላታል፣ ጎረቤት ያጠጣታል። እሷ ግን የገቡት ለቀስተኞች እንዳልሆኑ ገባት። እንግዶች ናቸው። ለእንግዳ ደግሞ ሻይ ይቀዳል። ምድጃውን ለኮሰች፣ ብርጭቆ አጠበች፣ ለሁሉም ቀዳች።

«ተቀመጪ፣ እኔ ልቅዳ» የሚለው ቃል እስከ ሴትዮዋ ከንፈር ድረስ መጣ። አልወጣም። ታዲያ ምን አደረገች? ጠጣች። ሻዩን ጠጣች፣ ወገኖቼ! ፊቷ እየነደደ እስከ ዝቃጩ ጠጣች። ሙሉነሽ ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ሰኞ ዕለት ሴትዮዋ ንፍሮ ቀቅላ ሄደች። ኢብቲሳም በሩን ከፈተች። በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ አመሰገነቻት። «ግቢ» ግን አላለቻትም።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ በዚህች ሴት ለመፍረድ አትቸኩሉ። ፍልስጤም ውስጥ ይህን ያህል ሰው ሞተ ሲባል፣ «ያሳዝናል፤ ግን…» ያላችሁት ስንት ጊዜ ነው? ጎረቤታችሁ ልጇን ስትቀብር «ግን» ትሏታላችሁ? አፋችሁ ይላወሳል?

«እዚያ ማዶም የምታለቅስ እናት አለች» ትሉኛላችሁ። አለች! ለእሷም ሂዱ፣ ለእሷም አልቅሱ። የአንዷን እንባ ይዛችሁ ሌላዋን አታባርሩበት እንጂ። ማን ጀመረ፣ ማን በደለ፣ መጠየቂያው ቦታ አለ፤ ይጠየቅም። ፍራሹ አጠገብ ግን አይደለም። ጥርስ ለምታበቅል ሕፃን አይደለም።

እኛ ሩቅ ነን። ቦምቡን አልጣልንም። ሐዘንተኛዋን ከፍራሿ ያስነሣናት ግን እኛ ነን። ስንት ዓመት ሻይ ስናስቀዳት ኖርን? እንፈር። ማፈር ይገባናል።

አፍራችሁ ደግሞ ቤታችሁ አትቅሩ፤ እሱም ሌላ ማምለጫ ነው። ንፍሮው ዛሬ ይጣድ። ስትገቡ ጥያቄያችሁን ከጫማችሁ ጋር ደጅ ተዉት። ቁጭ በሉ። ዝም በሉ። ስታለቅስ አልቅሱ።

ምናልባት «ግቡ» አትላችሁ ይሆናል። መብቷ ነው። ደጅ ላይ ቆማችሁ ተመለሱ።

ነገም ሂዱ።