ደጅ ላይ የተሰቀለችው ቅል

አንድ ሰው ነበረ፤ ልጁን ሊድር የተነሣ ገበሬ። ቆይ ፍሬገነት፣ የጠየቅሽኝን ረስቼ አይደለም። «እምዬ፣ የሥራ ማመልከቻዬን በኢሜይል ከላክሁ በኋላ ሳየው፣ ከመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ውስጥ ነጥቧን ዘልያታለሁ። የኔ ኢሜይል ነጥብ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም፣ መልእክቱ ይደርሰኛል። የነሱስ?» አልሽኝ። እኔ ኢሜይል አላውቅም፤ የተሳሳተ ደጅ ግን አውቃለሁ። ስሚኝ።

የገበሬው ደጅ ላይ ቅል ተሰቅላለች። ነፋስ ጥሏትም እንግዳ ይመጣል፣ ተሰቅላም ይመጣል። በዚያ መንደር በሱ ስም የሚጠራ ሌላ ስለሌለ ቅሏን ልብ የሚላት የለም።

ጎረምሳው ልጁ ታዲያ ከወንዝ ማዶ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ወዶ እህል አልቀምስ አለ። የልጅቷ አባት፣ «ሽማግሌ እስከ እሑድ ላክ፤ ሌላም ጠያቂ አለ። ቤቴ ደጁ ላይ ቅል ያለበት ነው፤ አደራ፣ ቅሏን ንገራቸው» ብሎ ላከበት። ገበሬው ሳቀ። «ቅል ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆና!» አለና ለሽማግሌዎቹ የሰውየውን ስም ብቻ ነግሮ ሸኛቸው።

ለካ ማዶ ሁለት ሞክሼዎች አጥር ለአጥር ይኖራሉ! ስማቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ ዓይነት፤ የሚለያቸው ያቺው ቅል ናት። ሽማግሌዎቹ ቅል የሌለበት ደጅ ቆሙ። እዚያም ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች፤ ምላሷ እንደ ሳማ ስለሚለበልብ ደፍሮ የጠየቃት የለም። «ልጅዎን ለልጃችን» ሲሉት ያባትየው ዓይን እንባ አቀረረ። «እግዜር የላከውን እኔ ማን ነኝና እመልሳለሁ! ግቡ፣ ግቡ!» ሙክት አረደላቸው። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ፣ የሠርጉን ቀን ቆረጡ።

ገበሬው ቤቱ ተቀምጦ «ካልተመለሱ ደርሰዋል ማለት ነው» ይላል። ደርሰዋል እንጂ! ጠግበዋልም!

ባለ ቅሉ ግን እሑድ እስኪመሽ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለና፣ «ንቀውኛል» ብሎ ልጁን ለሌላው ጠያቂ ሰጠ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ጎረምሳው ሮጦ «እንዴት ናት?» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ሙክቱስ ግሩም ነበር፤ ሙሽራይቱ ግን ከጓዳ ሆና ስትሰድበን ነው ያመሸችው» አሉት። ያቺ ዝምተኛ? የተሳሳተ ደጅ እንደቆሙ ልጁ ያኔ ገባው።

እና ልጄ፣ ያንቺ ኢሜይል የገበሬው መንደር ነው፤ ነጥቧ ወደቀች ተሰቀለች፣ ደጁ አንድ ነው። ያ መሥሪያ ቤት ግን እንዳንቺው መንደር ይሁን እንደ ማዶው፣ አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል፤ ያገሩን ልማድ የሚያውቀው ደግሞ ባለቤቱ ነው። አድራሻውን እንደ ሰጡሽ አድርገሽ ጻፊ። «አልተመለሰም፣ እንግዲያ ደርሷል» እንዳትዪኝ። የሚመለስስ ደግ ነው፣ ስሕተትሽን ይነግርሻል፤ ክፉው በሰው ቤት ሙክት እየበላ ዝም የሚለው ነው። ደግሞስ ማመልከቻው የሚዘጋው ዛሬ ነው አላልሽም? ታዲያ ምን አስቀመጠሽ? ተነሺና ቅሏን ሰቅለሽ እንደገና ላኪ!