ፈለቀችና ንፋሱን መናገር የተወው ሬዲዮ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ አላችሁ? ጆሮ ካላችሁ ተጠጉና ስሙ።

ከአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር፣ ቆርጫ በምትባል የአሳ አጥማጆች መንደር፣ ፈለቀች የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ዳርጌ ይባላል። እሱ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉ አሳዎች ከሐይቁ ያወጣል፤ እሷ ሰንጥቃና አጥባ ከመንገድ ዳር ትሸጣለች። ዳርጌ ዝምተኛ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው። ፈለቀች ግን ዝምታ ስለማይሆንላት ቤቷ ሬዲዮ አይጠፋም።

ከምሽቱ ዜና በኋላ ሬዲዮው ስለ ሐይቁ ንፋስ አጭር ወሬ ይናገር ነበር። «ነገ ከቀትር በኋላ ከደቡብ ብርቱ ንፋስ ይነሣል፤ ባለ ጀልባዎች ከዳር አትራቁ» ካለ፣ ፈለቀች ወደ ባሏ ዞራ «ሰማህ?» ትለዋለች። ዳርጌ ያጉረመርማል፤ በማግስቱም እቤቱ ተቀምጦ የተቀደደ መረቡን ሲጠግን ይውላል። የቆርጫ ጀልባዎች የሚወጡትም የሚቀሩትም በዚያች ወሬ ነበር። ስልክ አልነበረም ወይ? ነበረ። ግን ጀልባ ከዳር ትንሽ እልፍ ሲል ስልክ መስመሩን ያጣል፤ የመንደሩ አብዛኛው ስልክም ደውሎ ከማናገር በቀር ሌላ አያውቅም።

አንድ ምሽት ፈለቀች ሬዲዮዋን ብትከፍት፣ ሺሽሽሽ አለ። ባትሪ ቀየረች፤ ሺሽሽሽ። በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ያው ሺሽሽሽ። የጎረቤት ሬዲዮ ሁሉ እንደዚያው ሆነ። «ይመለሳል» ተባባሉ። አልተመለሰም። ሳምንቱ ሳይሞላ፣ ማንም ያልነገራቸው ንፋስ ተነሣና የጎረቤታቸውን የቡሽራን ጀልባ ገለበጠው። ጀልባው ከዳር ባለው ደንገል ውስጥ ተደፍቶ ተገኘ። ቡሽራ አልተገኘም። ሚስቱ ዘሃራ ከዳር ተቀምጣ ውኃውን ስታይ ሰነበተች።

ሐዘኑ ሳይበርድ ዳርጌ ደግሞ መረቡን ትከሻው ላይ ጣለ።

«ወዴት ነው?» አለች ፈለቀች።

«አሳ ቤት ድረስ አይመጣም» አለና ወጣ።

ፈለቀች እስኪመለስ ድረስ ከውኃው ዳር ቆማ ዋለች። ሲነጋ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሬዲዮው ማሰራጫ ወዳለበት ከተማ ሄደች።

ማሰራጫው ኮረብታ ላይ ነው። ቴክኒሻኑ ሽፈራው በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሸንኮራ ይልጣል።

«ወንድሜ» አለችው፣ «ማሰራጫውን አብራልኝ፤ ማሰራጫው ሬዲዮዬን ያናግር፤ ሬዲዮዬ ንፋሱን ይንገረኝ።»

«አላበራም፣ እትዬ» አለ ሽፈራው። «ማሰራጫውስ ደህና ነው። አጥፋ ተብዬ አጠፋሁ፤ አብራ ያለኝ የለም። የሚያዙኝ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ናቸው።»

ሬዲዮው አይናገር፣ ማሰራጫው አይበራ፣ ቴክኒሻኑ እንቢ። ፈለቀች ወደ ሥራ አስኪያጇ ሄደች።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ የሺመቤት ደግ ሴት ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«እመቤቴ» አለች ፈለቀች፣ «ቴክኒሻኑን ይዘዙልኝ፤ ቴክኒሻኑ ማሰራጫውን ያብራ፤ ማሰራጫው ሬዲዮዬን ያናግር፤ ሬዲዮዬ ንፋሱን ይንገረኝ።»

«የንፋሱ ወሬ እኮ አልቀረም፣ እህቴ። በየቀኑ ፌስቡክ ገጻችን ላይ እንለጥፋለን። ዘመኑ የስልክ ሆነ፤ ወጣቱ ሬዲዮ ትቷል፤ ያ አሮጌ ማሰራጫ ደግሞ መብራት ይበላል።»

«እኛ ግን ገጹን አናየውም። ቡሽራም አላየውም።»

ወይዘሮ የሺመቤት ቡሽራ ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ፈለቀች ነገረቻቸው። ከዚያም «ቢሆንም ላዝ አልችልም» አሉ። «የክልሉ ቢሮ ዝጊ ብሎኝ ነው የዘጋሁት። ክፈቺ ይበለኝ፣ ዛሬውኑ እከፍታለሁ።»

ሬዲዮው አይናገር፣ ማሰራጫው አይበራ፣ ቴክኒሻኑ እንቢ፣ ሥራ አስኪያጇ እንቢ። ፈለቀች በአውቶቡስ ወደ ክልሉ ከተማ ሄደች።

የቢሮው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ወጡ፤ ሌላ ስብሰባ ገቡ። ከዚያም ሲወጡ ፈለቀች ከበሩ አልተነቃነቀችም።

«ጌታዬ» አለቻቸው፣ «ለሥራ አስኪያጇ ይፍቀዱላት፤ ሥራ አስኪያጇ ቴክኒሻኑን ትዘዘው፤ ቴክኒሻኑ ማሰራጫውን ያብራ፤ ማሰራጫው ሬዲዮዬን ያናግር፤ ሬዲዮዬ ንፋሱን ይንገረኝ።»

ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። «አልፈቅድም። የማሰራጫው ፈቃድ ዘመኑ አልፏል። ፈቃድ የሌለው ማሰራጫ ካበራሁ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ፈቃድ የሚያድሰው አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት ነው።»

«ታዲያ ለምን አያሳድሱትም?»

«ጠይቀናል። መልስ አልመጣም» አሉና ሦስተኛው ስብሰባ ገቡ።

ሬዲዮው አይናገር፣ ማሰራጫው አይበራ፣ ቴክኒሻኑ እንቢ፣ ሥራ አስኪያጇ እንቢ፣ ቢሮው እንቢ። ፈለቀች አቅጣጫዋን ወደ ቤቷ አዞረች።

ቤቷ ስትደርስ ዳርጌ የለም። ሐይቁ ላይ ነው። ከምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እንደገና ከውኃው ዳር ቆመች፤ ዘሃራም መጥታ አጠገቧ ቆመች። የዳርጌ ጀልባ ከደንገሉ ብቅ ሲል ፈለቀች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዳርጌ ጀልባውን ጎትቶ አወጣና አያት።

«ነገ ደግሞ ትሄጃለሽ?» አላት።

«እሄዳለሁ።»

«ሂጂ» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት ፎቅ ነው። ፈቃድ የሚያድሰው ባለሥልጣን ጎልማሳ፣ አነጋገሩ የተቆጠበ ሰው ነው።

«ጌታዬ» አለችው፣ «ፈቃዱን ያድሱልኝ፤ ፈቃዱ ሲታደስ ቢሮው ይፍቀድ፤ ቢሮው ሲፈቅድ ሥራ አስኪያጇ ትዘዝ፤ ሥራ አስኪያጇ ስታዝ ቴክኒሻኑ ማሰራጫውን ያብራ፤ ማሰራጫው ሬዲዮዬን ያናግር፤ ሬዲዮዬ ንፋሱን ይንገረኝ።»

«አላድስም፤ አልከለክልምም» አለ ባለሥልጣኑ። «አዲስ የመገናኛ ብዙኃን ፖሊሲ እየተረቀቀ ነው። የሕዝብ ሬዲዮ በአሮጌው ሞገድ ይቀጥላል ወይስ ሁሉም ወደ ስልክና ወደ ቴሌቪዥን ይሻገራል የሚለውን የሚወስነው ፖሊሲው ነው። ፖሊሲው እስኪጸድቅ እጄ ታስሯል።»

«እጅዎን ማን ይፍታው?»

«ኮሚቴው» አለ፣ በጣቱ ወደ ላይኛው ፎቅ እያመለከተ።

ሬዲዮው አይናገር፣ ማሰራጫው አይበራ፣ ቴክኒሻኑ እንቢ፣ ሥራ አስኪያጇ እንቢ፣ ቢሮው እንቢ፣ ፈቃድ ሰጪው እንቢ። ፈለቀች ደረጃውን ወጣች።

ላይ ያገኘቻት የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሪት ምንታምር ናት። ፈለቀች ትንፋሿን ሰብስባ ጀመረች።

«ልጄ፣ ኮሚቴውን ሰብስቢልኝ፤ ኮሚቴው ፖሊሲውን ያጽድቅ፤ ፖሊሲው ሲጸድቅ ፈቃዱ ይታደስ፤ ፈቃዱ ሲታደስ ቢሮው ይፍቀድ፤ ቢሮው ሲፈቅድ ሥራ አስኪያጇ ትዘዝ፤ ሥራ አስኪያጇ ስታዝ ቴክኒሻኑ ማሰራጫውን ያብራ፤ ማሰራጫው ሬዲዮዬን ያናግር፤ ሬዲዮዬ ንፋሱን ይንገረኝ።»

ወይዘሪት ምንታምር እስክትጨርስ ጠበቀቻት። «እማማ፣ ኮሚቴው አይሰበሰብም። ደንቡ ከአባላቱ አንዱ የአድማጮች ተወካይ ይሁን ይላል። ያ ወንበር ባዶ ነው። እሱ ሳይሞላ ብንሰበሰብ ውሳኔያችን አይጸናም።»

«ለምን ባዶ ሆነ?»

«ጥሪ አድርገን ነበር። አንድም አድማጭ አልመጣም።»

«በምን ጠራችሁን?»

«በድረ ገጽ። በቴሌግራምም።»

ፈለቀች ነጠላዋን አስተካከለች። «በሬዲዮ ብትጠሩን እኮ እንሰማ ነበር።»

«በእናንተ በኩል ያለው ሬዲዮ ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ወይዘሪት ምንታምር መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ አፏን በእጇ ያዘች።

«በይ እኔን አስቀምጪኝ፤ አድማጭ ነኝ» አለች ፈለቀች።

«ብችል ደስ ባለኝ። ግን ተወካይ ማለት ሌሎች አድማጮች የመረጡት ነው። ተመርጠው፣ ምስክር ይዘው ይምጡ። እኔ ወንበሩን አስጠብቅልዎታለሁ።»

ሬዲዮው አይናገር፣ ማሰራጫው አይበራ፣ ቴክኒሻኑ እንቢ፣ ሥራ አስኪያጇ እንቢ፣ ቢሮው እንቢ፣ ፈቃድ ሰጪው እንቢ፣ ፖሊሲው አይጸድቅ፣ ኮሚቴው አይሰበሰብ፣ አድማጭ ጠፋ ተብሏል። አድማጩ ደግሞ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ሬዲዮውን መታ መታ ያደርጋል። ፈለቀች ወደ ቆርጫ ተመለሰች።

መንደሩን ከትልቁ ሾላ ሥር ሰበሰበችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጄ፣ መንግሥት አስቦበት የዘጋውን አሳ ሻጭ አታስከፍተውም። ደግሞስ ሄደሽ ብታስቀይሚያቸው ያለንንም እናጣለን።»

«ያለን ምንድን ነው?» አለች ፈለቀች።

አንዳንዱ ልብሱን አራግፎ ሊነሣ ሲል ዘሃራ ቆመች። ባሏ ከጠፋ ወዲህ በሰው ፊት ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ቡሽራ በዋዜማው ምሽት ሬዲዮውን ከፍቶ ነበር» አለች። «ጆሮውን አስጠግቶ ጠበቀ። ስለ ንፋስ ምንም ሳይል ሲቀር፣ ‹እንግዲህ ንፋስ የለም ማለት ነው› ብሎኝ ሲነጋ ወጣ።» ቀጥላም «እኔ ፈለቀችን መርጫለሁ» ብላ እጇን አነሣች።

ከእሷ ቀጥሎ የተነሣው የዳርጌ እጅ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ግን የሁሉም ተነሣ። የሽማግሌውም።

ፈለቀች ዘሃራንና የቀበሌውን ሊቀ መንበር ምስክር አድርጋ አዲስ አበባ ገባች። ወይዘሪት ምንታምር ቃሏን ጠብቃ ኖሮ ወንበሩን ሳበችላት። ኮሚቴው ተሰበሰበ።

አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት አባል ተነሣ። «እውነቱን እንነጋገር» አለ። «አሮጌውን ሞገድ ይዘን ከቆየን ገንዘባችንም ጉልበታችንም እዚያው ያልቃል። ከሕዝቡ የሚበዛው ዛሬ ስልክ ላይ ነው። የሕዝብ ሚዲያ ሕዝቡ ወዳለበት መሄድ አለበት።»

«እውነቱን ነው» አለች ፈለቀች። ወጣቱ ተቃውሞ ጠብቆ ነበርና ደነገጠ። «የእህቴ ልጅ ከስልኳ ቀና አትልም፤ ሬዲዮ አታዳምጥም። ለእሷ በስልክ ንገሯት። እኛ ግን ሐይቅ ላይ ነን፤ ሕዝቡ ወዳለበት የምትመጡ ከሆነ እዚያም ኑ። ቀኑን ሙሉ አውሩልን አላልኩም። ነገ ንፋስ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ንገሩን።»

ወጣቱ መነጽሩን አወለቀና ጠረገ። ብዙ ተከራከሩ፤ ምሳ አልፎ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ራሱ ወጣቱ አንድ አንቀጽ አረቀቀ፦ ሥርጭቱ ወደ አዲሱ ይሻገር፤ ሕዝቡ ሌላ መስሚያ በሌለበት ቦታ ግን አሮጌው ማሰራጫ ለማስጠንቀቂያና ለአየር ጠባይ ወሬ ይቆይ።

አድማጭ ተገኘ፣ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ፖሊሲው ጸደቀ። ፖሊሲው ጸደቀ፣ የባለሥልጣኑ እጅ ተፈታ። እጁ ተፈታ፣ ፈቃዱ ታደሰ። ፈቃዱ ታደሰ፣ ቢሮው ፈቀደ፤ ለዚያውም በሁለት ስብሰባ መሀል። ቢሮው ፈቀደ፣ ወይዘሮ የሺመቤት አዘዙ። እሳቸው አዘዙ፣ ሽፈራው ሸንኮራውን ጥሎ ማሰራጫውን አበራ። ማሰራጫው በራ፣ የፈለቀች ሬዲዮ ሺሽሽ ብሎ፣ ሺሽሽ ብሎ፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ሆነና ተናገረ።

«ነገ ከቀትር በኋላ ከደቡብ ብርቱ ንፋስ ይነሣል። ባለ ጀልባዎች ከዳር አትራቁ።»

«ሰማህ?» አለች ፈለቀች።

ዳርጌ አጉረመረመና የተቀደደ መረቡን ፈለገ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ንፋሱ እንደተባለው መጣ። ሐይቁ ነጭ አረፋ ለበሰ፤ ደንገሉ መሬት ላይ ተነጠፈ። ውኃው ላይ አንድም ጀልባ አልነበረም። ዘሃራ ሻሿን በእጇ ይዛ ወጣችና ከዳር የተጎተቱትን ጀልባዎች አንድ በአንድ እያየች መንደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች።

«ሁሉም አሉ» አለች ለፈለቀች፤ አለችና ወደ ቤቷ ገባች።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ለሰማ ይጣፍጠው፣ ላልሰማ ይድረሰው።