መውደቅን የፈሩት ግራዝማች

ደብተራ ልሳነወርቅ የሚባል አንደበተ ስል ሰው ነበረ ይላሉ፤ ያየውም ያላየውም ያወራለታል። በብዛት የሚወራው ግን ከጌታው ከግራዝማች ጓንጉል ጋር ያሳለፈው ነው። ግራዝማች በወጣትነታቸው ጉግስ የሚጫወቱ ፈረሰኛ ነበሩ። አንድ ቀን በቅሏቸው ደንብራ ጣለቻቸውና ክንዳቸው ተሰበረ። ክንዱ ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን አልዳነም። መጀመሪያ በቅሎ መቀመጥ ተዉ። ቀጥሎ ዳገት ቁልቁለቱን ተዉ። ኋላማ ከመደብ ሲወርዱ እንኳ አሽከሮች ግራና ቀኝ ይይዟቸው ጀመር።

በአንድ የፋሲካ ሰሞን ብርንዶ ቀረበ። እንግዳው ሁሉ ሥጋውን በጥርሱ ይዞ ቢላውን ወደ አፍንጫው ሽቅብ እየሳበ ሲቆርጥ፣ ግራዝማች «አፍንጫዬን ብቆርጠውስ?» ብለው የራሳቸውን ድርሻ በአሽከር አስከተፉ። ደብተራው ሲስቅ አዩትና «አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?» አሉት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ጥርስዎም እኮ አንዳንዴ ምላስ ይነክሳል፤ ለምን አያስነቅሉትም?»

ግራዝማች በዚህ አላበቁም፤ ወጌሻ አስጠርተው እቤታቸው አስቀመጡ። ወጌሻው ጧት ጧት አጥንታቸውን ይዳብስና «ደኅና ነው» ብሎ ወደ ጠላው ይመለሳል። ምሳ ሳይደርስ ግራዝማች ይጠራጠሩና «እስቲ ድገመኝ» ይሉታል። አንድ ቀን ለደብተራው «ደኅና ነህ እየተባልኩ ልቤ የማያርፈው ለምን ይሆን?» ሲሉ አማከሩት።

«አጥንትዎን ነዋ የሚዳብሰው! የተሰበረው ሌላ ቦታ ነው።»

ደግሞ ሌላ ጊዜ ከቀንድ፣ ከእሾህ፣ ከገደል፣ ከመብረቅ የሚጠብቅ ክታብ ጻፍልኝ አሉት። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ጻፈላቸው። ሁሉንም አንገታቸው ላይ ሲያንጠለጥሉት ጎበጡ። «አሁንስ ምን ቀረኝ?» አሉት።

«የቀረዎትማ ከክታቡ ክብደት የሚጠብቅ ክታብ ነው።»

እንዲህ ሲሉ ከረሙና፣ ከሸለቆው ማዶ ከተዳረችው አንድ ልጃቸው ከየውብዳር መልእክተኛ መጣ። ከሠርጓ ወዲህ አላዩዋትም። መልእክቱም «ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። አባባ ለክርስትናው ካልመጡ፣ አማቴ ፊታውራሪ መሸሻ ‘አባቷ እንኳ የጣላት፣ ወገን የሌላት’ ይሉኛል። እንግዲህ በዚህ ቤት ቀና ብዬ አልሄድም» የሚል ነበር። ግራዝማች አለቀሱ። እንባቸውን ጠርገው ግን «መንገዱ ገደል ነው፤ ስጦታ ይላክላት» አሉ።

ደብተራው አልተከራከረም። በቅሎዋን አስጭኖ «ቆማ ሳለች ኮርቻው ላይ ብቻ ይቀመጡ፤ የትም አንሄድም» አላቸው። የመጀመሪያው ቀን ላብ አጠመቃቸው፤ ማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ኮርቻው ላይ እንዳሉ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ቀጥሎ እስከ አጥሩ፣ ቀጥሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። የክርስትናው ቀን ሲቃረብ «ፍርሃቴ ገና አልለቀቀኝም፤ እስኪለቀኝ ልቆይ» አሉ።

«እሱን ከጠበቁማ የሚደርሱት ለልጁ ሠርግ ነው። ይልቅ ፍርሃቱንም አፈናጥጠው ይሂዱ!»

ሄዱ። ወጌሻውም በእግሩ ተከተለ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ግራዝማች ልጓሙን ጨበጡ። «ልሳነወርቅ፣ ብወድቅስ?»

«ይውደቁ እንጂ ጌታዬ፤ ወጌሻውም የበላበትን ይሥራ!»

ግራዝማች ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እሳቸው ሲስቁ በቅሎዋ ቁልቁለቱን ወረደች። ከሸለቆው ግርጌ ያለው ወንዝ ውስጥ ግን አዳልጧት ጎንበስ አለችና ጣለቻቸው። ጉልበታቸው ተላጠ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ደሙን አዩት፤ ሌላ የሚመጣ ነገር እንዳለ ጠበቁ። ምንም አልመጣም። «ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው። ከፈለጉ ተመልሰን እናስጨምርዎት።»

ከክርስትናው ደረሱ። በግብዣው መሐል የውብዳር ሕፃኑን አምጥታ አያቱን አስታቀፈቻቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፊታውራሪ መሸሻ ይህን አይተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ኧረ ግራዝማች! እጅዎ ይንቀጠቀጣል፤ በዚህ እጅዎ ልጁን ሳይጥሉት ወዲህ ያምጡት!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። የውብዳር አንገቷን ደፋች።

ሰው ሁሉ መልስ ፍለጋ ወደ ደብተራው ዞረ። ደብተራው ግን አፉን ድፎ ዳቦ ሞልቶት ያላምጣል። ግራዝማች ሕፃኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉና ራሳቸው መለሱ፦

«መንቀጥቀጡንስ ይንቀጠቀጣል ፊታውራሪ፤ ግን ለቀቀ?»