የክት ጥርስ

ጥርስ ያለውም ጥርስ የሌለውም ቀረብ ብሎ ይስማኝ።

የሺመቤት የሚሏት ባልቴት አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ነበር፤ ከአጥር ማዶ ከምትኖረው የልጅነት ጓደኛዋ ከደብሪቱ ጋር ቁጭ ብላ የገብስ ቆሎ መቆርጠም። ጥርሶቿ ካለቁ ወዲህ ግን አፍራ ቀርታለች። ደብሪቱ ከማዶ ቋ፣ ቋ ስታደርግ በሰማች ቁጥር ሆዷ ይባባል። ልጇ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠርቶላታል፤ እሷ ግን፣ "ይህን የመሰለ ነገርማ በአዘቦት አይደረግም" ብላ ከጥልፍ ቀሚሷ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። በዓል ሲመጣ ታወጣዋለች፣ ሲያልፍ ትመልሰዋለች።

አንድ ቀን ናፍቆቱ ሲብስባት አወጣችውና አፏ ውስጥ ከተተችው።

"ጥርስ ሆይ፣ ቆሎ ቆርጥምልኝ፤ ደብሪቱ ናፍቃኛለች!"

"አልቆረጥምም። ድድሽ አልይዝም ብሎኛል።"

"ድዴ ሆይ፣ ጥርሱን ያዝልኝ፤ ጥርሱ ቆሎ አልቆረጥምም አለ፣ ደብሪቱም ናፍቃኛለች!"

"አልይዝም። በዓል በዓሉን እየመጣ ቆርቁሮኝ የሚሄደውን እንግዳ የት አውቄው ልያዘው? ቆስያለሁ።"

"ጨው ሆይ፣ ድዴን አሽርልኝ፤ ድዴ ጥርሱን አልይዝም አለ፣ ጥርሱ ቆሎ አልቆረጥምም አለ፣ ደብሪቱም ናፍቃኛለች!"

"አላሽርም። ውሃው ሳይሞቅ መች እሟሟለሁ?"

"ውሃ ሆይ፣ ጨዉን አሟሟልኝ፤ ጨዉ ድዴን አላሽርም አለ፣ ድዴ ጥርሱን አልይዝም አለ፣ ጥርሱ ቆሎ አልቆረጥምም አለ፣ ደብሪቱም ናፍቃኛለች!"

"አላሟሟም። እሳት ሳያገኘኝ ምን አቅም አለኝ?"

ወደ ምድጃው ጎንበስ አለች። "እሳት ሆይ፣ ውሃውን አሙቅልኝ፤ ውሃው ጨዉን አላሟሟም አለ፣ ጨዉ ድዴን አላሽርም አለ፣ ድዴ ጥርሱን አልይዝም አለ፣ ጥርሱ ቆሎ አልቆረጥምም አለ፣ ደብሪቱም ናፍቃኛለች!"

እሳቱ ከአመዱ ሥር አጉረመረመ። "አላሞቅም። ጠፍቻለሁ እኮ! እንደ ወጉ ከጎረቤት ፍም ጭረሽ አምጪ።"

ከጎረቤት! ጎረቤት ማለት ደግሞ ደብሪቱ ናት። የሺመቤት ብዙ አመነታች። በመጨረሻ የፍም መጫሪያ ገሏን አንስታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ሄደች።

"ደብሪቱ፣ ፍም ስጪኝ፤ እሳቱ ውሃውን አላሞቅም አለ፣ ውሃው ጨዉን አላሟሟም አለ፣ ጨዉ ድዴን አላሽርም አለ፣ ድዴ ጥርሱን አልይዝም አለ፣ ጥርሱ ቆሎ አልቆረጥምም አለ፣ አንቺም..." ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች። "አንቺም ናፍቀሽኛል።"

"አልሰጥም!" አለች ደብሪቱ። "መጀመሪያ አፍሽን ግለጪ።"

ገለጠች፤ ጥርሱን ለበዓል ብቻ እንደምታወጣውም ነገረቻት። ደብሪቱ አየቻትና ሳቀች፤ ከዚያ የራሷን ጥርስ የላዩንም የታቹንም አውጥታ መዳፏ ላይ አሳየቻት። መልሳ ከተተችውና፦

"አንቺ ሞኝ! ቋ ቋ የሚለው የማን ጥርስ መስሎሻል? የኔማ የዘወትር ነው፤ ቀን አፌ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ውሃ ውስጥ ያድራል። አንቺ ጥርስን የክት አድርገሽ፣ እኔ በር በሩን እያየሁ ከረምኩ" አለችና እንባዋ መጣ።

ደብሪቱ ፍሙን ሰጠች፣ ፍሙ እሳቱን አነደደ፣ እሳቱ ውሃውን አሞቀ፣ ውሃው ጨዉን አሟሟ፣ ጨዉ ድዱን አሻረ። ጥርሱን የሠራላት ባለሙያም የሚቆረቁረውን ጠርዝ ሞርዶ አለሰለሰ። ድዱ በየቀኑ የሚመጣውን እንግዳ እያደር ለመደና ጥርሱን ያዘ፣ ጥርሱም...

"ቀስ በይ፣ በሁለቱም ጉንጭሽ አላምጪ" አለች ደብሪቱ።

ቋ!

ቆሎው ያን ዕለት ቶሎ አለቀ፤ የሺመቤት ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም።