የዘርትሁን መዝገብ

በሉ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔም ያየሁትን ልስጣችሁ።

ዘርትሁን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ጎረቤቷ ውባንተ ወደ ምንጩ የሚያወርደውን መንገድ አጠረባት። እንስራ አዝላ ተራራውን ስትዞር ጀርባዋ አለቀ። ከሰሰችው። በቀጠሮው ቀን ዳኛው፣ መጥሪያው ለውባንተ አልደረሰም ብሎ መዝገቧን ዘጋው። የምትፈልገው ትንሽ ነው፤ መዝገቧ ይከፈት።

ዳኛውን ለመነችው። መጥሪያው ለምን እንዳልደረሰ በማመልከቻ ካልቀረበልኝ አልከፍትም አለ።

ፍርድ ቤቱ ደጅ ዛፍ ሥር ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሄደች። ጻፍልኝ፣ ዳኛው አልከፍት ብሏል አለችው። ጸሐፊውም የቀበሌ ማኅተም ካላየሁ አልጽፍም አለ።

ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄደች። ማኅተም ምታልኝ፤ ጸሐፊው አልጽፍ ብሏል፣ ዳኛው አልከፍት ብሏል። ሊቀመንበሩም፣ መጥሪያውን የወሰደው ታጣቂው ሞላልኝ ነው፣ እሱ ካልማለ ማኅተሜ ከኪሴ አይወጣም አለ።

ወደ ሞላልኝ ሄደች። ማልልኝ፤ ሊቀመንበሩ አልመታ ብሏል፣ ጸሐፊው አልጽፍ ብሏል፣ ዳኛው አልከፍት ብሏል። ሞላልኝ አንገቱን ደፋ። መጥሪያውን ይዞ ሲደርስ ለካ የውባንተ እናት አርፈው ድንኳን ተተክሏል። ለቅሶ ላይ ክስ ይሰጣል እንዴ? ወረቀቱን ኪሱ ከተተ፣ ጠመንጃውን ዘቀዘቀ፣ አልቅሶ ተመለሰ። ሠልስት ይውጣ፣ ሰባቱ ይለፍ ሲል ቀጠሮው አለፈ።

«ብምልስ ማን ያምነኛል፣ እትዬ? ባለለቅሶው ካልመሰከረልኝ አልምልም» አላት።

ባለለቅሶው ደግሞ ውባንተ ነው፤ ያው የከሰሰችው ውባንተ።

ጅብን ሥጋ ጠብቅልኝ ልበለው እንዴ እያለች ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘኋት። አብረን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ከዚያ ተነሥታ ሄደች፣ እኔም ተከተልኋት። ውባንተ ያንኑ አጥር ሲጠግን ደረስን።

መስክርልኝ አለችው፤ ሞላልኝ አልምል ብሏል፣ ሊቀመንበሩ አልመታ ብሏል፣ ጸሐፊው አልጽፍ ብሏል፣ ዳኛው አልከፍት ብሏል።

«አንቺ ሴት፣ ማሰሪያህን ራስህ ግመድ ልትዪኝ መጣሽ?»

«አዎ፣ ጋሽ ውባንተ። ሌላ ሰው የለኝማ።»

ውባንተ መጥረቢያውን አስቀምጦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ በልቤ እግዚኦ እላለሁ።

«ወረቀቱን አይቼዋለሁ» አለ። «ጫፉ ከኪሱ ወጥቶ ነበር። ደብቆ እናቴን አለቀሰልኝ። አንቺም ያን ሳምንት ለድንኳኑ ውሃ አመጣሽ፤ ያጠርሁብሽን መንገድ ትተሽ፣ ተራራውን ዞረሽ። እናቴ አፈር ለብሳ እኔ አላየሁም ልበል?»

ከዚያማ ውባንተ መሰከረ፣ ሞላልኝ ማለ፣ ሊቀመንበሩ ማኅተሙን መታ፣ ጸሐፊው ጻፈ። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ወልውሎ እንደገና አነበበ። ተከሳሽ ለከሳሽ መስክሮ አይቶ አያውቅም። መዝገቡን ከፈተ።

ሞላልኝ እዚያው ችሎቱ ፊት የተጨማደደውን መጥሪያ ከኪሱ አወጣ። ውባንተ ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ጸበል በሁለት እጁ ተቀበለው። እኔ ፊደል ያልጠገብሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን እግዚአብሔር በመካከላችን ሲያልፍ ያየሁ መሰለኝ።

የእሷ መዝገብ ተከፈተ፤ የእኔ አፍ ይዘጋ።